ስም ያለው ቢሮ ወይስ ሥራ ያለው ቢሮ?

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሰፊ የታክስና የበጀት ሕግ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ብዙ አነጋግሯል። ያነጋገረው ግን በአብዛኛው በሕክምና ዋስትናና በኢሚግሬሽን ክፍሎቹ ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ስለ ትምህርት ብድር የተጻፉት አንቀጾች እምብዛም ሲነሱ አልሰማሁም። ልጃቸውን ጠበቃ ለማድረግ ለሚያልሙ ቤተሰቦች ግን እነዚህ አንቀጾች ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያገባቸዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የሚማር ተማሪ ትምህርት ቤቱ የተመነውን ጠቅላላ ወጪ ያህል ከፌዴራል መንግሥት የሚበደርበት “ግራድ ፕላስ” የሚባል ብድር ነበር። አዲሱ ሕግ ይህ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲዘጋ ደንግጓል። በምትኩ እንደ ሕግና ሕክምና ያለ የሙያ ትምህርት ለሚጀምር ተማሪ በዓመት ከ50 ሺሕ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ200 ሺሕ ዶላር የማይበልጥ ጣሪያ አስቀምጧል። የሕግ ትምህርት ሦስት ዓመት ስለሆነ በፌዴራል ብድር የሚሸፈነው ቢበዛ 150 ሺሕ ዶላር ነው ማለት ነው። ስማቸው ከሚጠራው የሕግ ትምህርት ቤቶች መካከል ደግሞ የአንዱ ዓመት ወጪ ብቻ ከነመኖሪያው ከ100 ሺሕ ዶላር የሚበልጥባቸው አሉ።

ቀሪውን ማን ይከፍላል? ወይ ትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ ወይ የግል ባንክ ያበድራል። ባንኩ ደግሞ ገቢ የሌለውን የ22 ዓመት ወጣት “ዋስ አምጣ” ይለዋል። ዋሱ ማን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሌሊት ታክሲ ሲያሽከረክር የሚያድረው አባት ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ የምትሠራው እናት ናቸው።

ይህን መንደርደሪያ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕግ የተማርኩ መሆኔን የሚያውቁ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወዳጅ ዘመዶች በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሱልኛል። “ልጃችን ኮሌጅ ናት፤ ኋላ ሎው ስኩል ማመልከት ትፈልጋለች፤ ለሰመር የትኛውን ኢንተርንሺፕ ብትይዝ ይሻላታል?” ይሉኛል። ጥያቄው ሲፈታ አብዛኛውን ጊዜ “የትኛው ስም ይበልጣል?” ማለት ሆኖ አገኘዋለሁ። ኮንግረስ ነው ወይስ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት? መልሴ አጭር ነው። ስም ያለውን ቢሮ ሳይሆን ሥራ ያለውን ቢሮ ትምረጥ፤ ያም ቢሆን ውጤቷን የማይነካ ከሆነ ብቻ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

የእኛና የእነሱ ሥርዓት

ብዙ ወላጆች የሚመክሩት በሚያውቁት የአገር ቤት ሥርዓት ነው። በእኛ ጊዜ ማትሪክ ተፈትኖ ውጤቱ የበቃለት ልጅ ፎርም ሞልቶ ሕግ ፋኩልቲ ይገባል፤ ሲወጣም የሕግ ምሩቅ ነው። ዛሬም በኢትዮጵያ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው። አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የተግባር ልምምዱም በትምህርቱ ውስጥ የታቀፈ ነው። ተማሪው በፍርድ ቤት ወይም በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሲለማመድ የገባበትን ሙያ እየተማረ ነው እንጂ ልግባበት ወይስ አልግባበት እያለ አይደለም።

በአሜሪካ ግን ሕግ የሚጠናው ከአራት ዓመት ኮሌጅ በኋላ ነው። ለመግባት የተወሰነ የትምህርት ዓይነት መማር ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርም ይህንን አጥኑ ብሎ ለይቶ የሚመክረው የመጀመሪያ ዲግሪ የለም። ታሪክ ያጠናውም፣ ምህንድስና ያጠናውም፣ ነርስ የሆነውም እኩል ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ኮሌጅ ላይ ያለው ልጅ በዚያ የብድር ሸክም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሙያውን በቅርብ አይቶ ይሆነኛል ወይም አይሆነኝም የሚልበት ዕድል አለው። የኢንተርንሺፕ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ልምምዱ በቅድሚያ ለልጁ ለራሱ ፈተና ነው፤ ለአስመራጮች የሚቀርብ ጌጥ መሆኑ ሁለተኛ ነገር ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል።

ሚዛን የሚደፋው ምንድን ነው?

የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች አመልካችን የሚመዝኑት በቅድሚያ በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው የኮሌጅ ውጤት፣ ጂፒኤ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ከ120 እስከ 180 የሚታረመው ኤልሳት የተሰኘ የመግቢያ ፈተና ነው። በሌላ ፈተና የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም ዋናው እስካሁን ኤልሳት ነው። ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ብዙዎች ይፈሩት የነበረውን የእንቆቅልሽ ክፍል አውጥቶ በክርክር ትንተናና በንባብ ላይ ብቻ ቆሟል። በብዙ ልምምድ የሚሻሻል ፈተና ነው፤ ልምምዱ ግን ወራት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ወገኖቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማመልከቻውን የሚያሰባስበው ኤልሳክ የተባለው ድርጅት ጂፒኤውን የሚያሰላው እንደገና ከሥር ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በፊት የተወሰዱ የኮሌጅ ትምህርቶችን ሁሉ ይደምራል። ልጁ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ከሆነ የዚያን ጊዜው ውጤትም ይቆጠራል። “እሱ አለፈ፣ አዲሱን ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዩት” የሚባለው እውነት አይደለም።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በር መክፈቻ ብቻ አይደሉም፤ የገንዘብ ምንጭም ናቸው። ማንኛውም ዕውቅና ያለው የሕግ ትምህርት ቤት የተቀበላቸውን ተማሪዎች መካከለኛ ውጤትና የሰጠውን ስኮላርሺፕ መጠን በየዓመቱ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሰነዱን ያነበበ ሰው ስኮላርሺፕ በአብዛኛው የሚከተለው ከመካከለኛው በላይ ያስመዘገበውን አመልካች መሆኑን ይረዳል። የብድሩ ጣሪያ ከወረደ ወዲህ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ከብዷል። ኤልሳት ላይ የተጨመሩ ጥቂት ነጥቦች በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያድኑ ይችላሉ። ማንም የሰመር ኢንተርንሺፕ ይህን አያደርግም።

ከዚህ በመነሳት ስለ ጊዜ አንድ ምክር መስጠት ይቻላል። ልጁ ኮሌጅ እንደጨረሰ ወዲያው ሎው ስኩል ለመግባት ካሰበ ማመልከቻው የሚገባው በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም ቀድሞ ያመለከተውን ቀድመው ያያሉ። ስለዚህ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ያለው ሰመር የኤልሳት ነው። ኢንተርንሺፑ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱን በአንድ ሰመር ማጨናነቅ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል።

ስም ያለው ቢሮ

አሁን ወደ ስም እንምጣ። በኮንግረስ አባል ቢሮ የሚለማመድ የኮሌጅ ተማሪ በአብዛኛው ስልክ ያነሳል፣ የመራጮችን ደብዳቤ ይለያል፣ ጎብኚዎችን ያዞራል። ይህ ነውር የለውም፤ ፖለቲካን ለሚወድ ልጅ ትምህርት ቤት ነው። ስለ ጠበቃ ሥራ የሚያስተምረው ግን ትንሽ ነው። በትልልቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች ዘንድ ደግሞ ብዙ የሚወራለት ደህና ክፍያ ያለው የሰመር ሥራ የሚሰጠው ሎው ስኩል ለገቡ ተማሪዎች ነው። የኮሌጅ ተማሪ እዚያ ቦታ ቢያገኝ ብዙውን ጊዜ ፋይል ሲያደራጅ ይከርማል።

አንዳንዶች “ከእንደራሴ የሚገኘው የድጋፍ ደብዳቤስ?” ይሉኛል። አንድ ባለሥልጣን ሁለት ጊዜ በኮሪደር ስላያት ልጅ የሚጽፈው ደብዳቤ ባዶነቱ ከሦስተኛው መስመር አያልፍም። ጽሑፏን ቀይ በቀይ አድርጎ መልሶላት፣ እንደገና ስትጽፈው ያየ ጠበቃ ወይም መምህር የሚጽፈው ግን ክብደት አለው። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ልጁን በክፍል የሚያውቁትን መምህራን ምስክርነት ነው።

ሥራ ያለው ቢሮ

ሥራ ያለው ቢሮ የምለው ተማሪው ሕግ በሰው ሕይወት ላይ ሲያርፍ የሚያይበትን ነው። ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት የኮሌጅ ተማሪዎችን በመርማሪ ረዳትነት ሲያሠራ ቆይቷል። ልጆቹ ወንጀል ተፈጸመ የተባለበት ሰፈር ይሄዳሉ፣ ምስክር ያፈላልጋሉ፣ ቃል ይቀበላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በጊዲዮን ጉዳይ ድሃ ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ወስኖ ነበር። ይህ ውሳኔ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ወር ያዩታል። የተከራይና አከራይ ክርክር የሚይዙ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶችም፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚይዙ በጎ አድራጎት ድርጅቶችም እንዲሁ ናቸው።

አማርኛ የሚናገር ልጅ በእነዚህ ቢሮዎች ተፈላጊ ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ ግዴታ ከጣለ ወዲህ አማርኛ ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ይሠራበታል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ደግሞ ችግሩ የባሰ ነው። እዚያ ሰው ጠበቃ የማቆም መብት ቢኖረውም መንግሥት ከፍሎ አያቆምለትም። ጥገኝነት ጠያቂ አገር በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት እንዳለበት ሳያውቅ ጊዜው የሚያልፍበት ወገን ጥቂት አይደለም። እዚህ የምትሠራ ልጅ የማመልከቻ ጊዜ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው ፊት ታነባለች።

ይሁንና ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የትርጉም ወጥመድ ነው። አማርኛ የምትችል ልጅ ሰመሩን ሙሉ አስተርጓሚ ብቻ ሆና ልትቀር ትችላለች። ማስተርጎም ክቡር ሥራ ነው፤ ዋጋም አለው። ሕግ ለመቅመስ የመጣች ተማሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን “ከትርጉሙ ሌላ የቃል መግለጫ ረቂቅ ልጽፍ፣ ስለ አገር ሁኔታ መረጃ ላሰባስብ፣ ጠበቃው ሲከራከር ችሎት ልቀመጥ” ብላ ብትነጋገር ይበጃታል። ጠበቃ ባልሆነ ሰው የሕግ ምክር መስጠት በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ከወዲሁ ትወቅ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያገኛት ሁሉ “ልጄ፣ የእኔን ወረቀት እስቲ እይልኝ” ማለቱ አይቀርምና።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። የእኛ ኅብረተሰብ ጠባብ ነው። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ስለ እስርና ስለ ድብደባ ቃሉን የሰጠው ሰው ነገ በሰርግ ቤት አጠገቧ ሊቀመጥ ይችላል። የሰማችውን እናቷም ብትጠይቃት አለመናገር የጠበቃ ሙያ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ወላጆችም አለመጠየቅ ግዴታቸው ነው።

ደመወዝ የሌለው ሥራ ለማን ነው?

እስካሁን የዘረዘርኳቸው ቢሮዎች አብዛኞቹ አይከፍሉም ወይም ጥቂት ይከፍላሉ። ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሕግ በትርፍ ድርጅት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚለማመድ ሰው መቼ ሠራተኛ ተብሎ መከፈል እንዳለበት ለረዥም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርክ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከአንድ የፊልም ድርጅት ጋር በተያያዘ ክርክር “ከልምምዱ ይበልጥ የሚጠቀመው ማን ነው?” የሚል መመዘኛ አወጣ። የሠራተኛ ሚኒስቴሩም በ2018 ይህንኑ ተቀበለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በበጎ አድራጎት ድርጅት ግን በጎ ፈቃደኝነት በሰፊው የተፈቀደ ነው። የኮሌጅ ተማሪ ሕግ የሚያይባቸው ቢሮዎች ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው።

ውጤቱ ግልጽ ነው። አባቱ የሚከፍልለት ልጅ ሰመሩን በነፃ ይለማመዳል፤ ለቤት ኪራይ የሚያዋጣው ልጅ አይችልም። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለተለማማጆች የሚከፈል በጀት የመደበው፣ ዋይት ሐውስም በ2022 መክፈል የጀመረው ይህ ሚዛን መዛባቱ ታውቆ ነው። ክፍያው ግን ሁሉም ጋ አልደረሰም። ስለዚህ ተማሪው ሲያመለክት “ትከፍላላችሁ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ሊያፍርበት የሚገባ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም ክፍያ የሌለው ልምምድ ለሚይዙ ተማሪዎች የድጎማ ገንዘብ እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ያላቸው ጥቂት አይደሉም።

ገንዘብ ለማግኘት የግድ መሥራት ያለበት ልጅስ? ይሥራ። በፓርኪንግ፣ በካፌ ወይም በሆስፒታል ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ የሥራ ልምዱን በማመልከቻው ላይ ሊደብቀው አይገባም። ብዙዎቹ ቅጾች ኮሌጅ እያለ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን መሠረት ያደረገ ቅበላ ከከለከለ ወዲህ አመልካቹ ስለ ራሱ ሕይወትና ጥረት የሚጽፈው ጽሑፍ ክብደቱ ጨምሯል። ቤተሰብ እየረዳ የተማረ ልጅ የሚጽፈው አያጣም።

ሙያውን ለማየት ደግሞ የግድ ተለማማጅ መሆን አያስፈልግም። የአሜሪካ ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። በዲሲ፣ በሮክቪል ወይም በፌርፋክስ ፍርድ ቤት አንድ የዕረፍት ቀን ገብቶ የቤት ማስለቀቅ ወይም የወንጀል ጉዳይ ሲታይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ክፍያ የለውም፣ ማመልከቻ የለውም። አምስት ቀን ያህል እንዲህ የተቀመጠ ልጅ በቴሌቪዥን ያየው ጠበቃና እውነተኛው ጠበቃ አንድ አለመሆናቸውን ይረዳል።

ከአገር ቤት በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ለሄዱ ልጆች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከግቢ ውጭ ለሚደረግ ኢንተርንሺፕ በቅድሚያ ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህም በመደበኛው ሁኔታ አንድ የትምህርት ዓመት መማር ይጠየቃል። “በነፃ ነው የምሠራው፣ ምን ችግር አለው?” ብሎ መጀመር አደገኛ ነው። ለሌላ ሰው ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ በነፃ መሥራት ራሱ ያልተፈቀደ ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ቪዛውንም ያሳጣል።

መቸኮል ለምን?

በመጨረሻም ወላጆች የሚፈሩትን አንድ ነገር ላንሳ። “ልጄ ኮሌጅ ጨርሶ አንድ ዓመት ከቆየ በዚያው ይቀራል” ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል። እውነታው ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ከሚያስገባቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ውጭ የቆዩ ናቸው። በጠበቃ ረዳትነት ተቀጥሮ ሁለት ዓመት የሠራ ወጣት ደመወዝ ያገኛል፣ ኤልሳቱን ተረጋግቶ ያጠናል፣ የሚገባበትን ሙያም ያውቃል። ይህ ከአሥር ሳምንት ኢንተርንሺፕ ይልቃል።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ይህን ሁሉ አይቶ “ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም” ይላል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ኀዘን አይቀመጥ። ይህን በሃያ ዓመቱ በአንድ ሰመር ማወቅና በሃያ ስድስት ዓመቱ 150 ሺሕ ዶላር ዕዳ ተሸክሞ፣ አባትን ለባንክ ዋስ አድርጎ ማወቅ በምንም አይመሳሰሉም። ሁለተኛውን አባቶች “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይሉታል።

ስለዚህ ልጃችሁ የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ይዛ ስትመጣ “ማን ቢሮ ነው?” ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቋት። የምትጽፊውን አንብቦ የሚያርምሽ ማን ነው? ጠበቃ ከሰው ጋር ሲሠራ የምታዪው በሳምንት ስንት ቀን ነው? ትምህርትሽንና ፈተናሽን ምን ያህል ይሻማብሻል? ሦስቱን በቀጥታ ከመለሰች ቢሮው ማንም ይሁን ማን ትሂድ። መልስ ካጣች ግን በሩ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ያህል ቢያምር ሰመሩን ቤተ መጻሕፍት ገብታ ኤልሳቷን ብታጠና ይሻላታል።